ለዝሆን የሚሆን አልጋ

የሠፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «አባ ድገመው» ይለዋል። በያጅ ሆኖ የኑክሌር ማመንጫው ግንባታ ላይ ሲገባ ጎረምሳ ነበር፤ ሲወጣ ፂሙ ሸብቷል። እዚያ የተበየደ ቧንቧ ሁሉ ይመረመራል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከተገኘች ይቆረጣል፣ ይደገማል። ማመንጫው ልጁ ድክ ድክ ስትል ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አምፖል ያበራው ግን እሷ ከተዳረች በኋላ ነው። ሥራው በዘገየ ቁጥር የብድሩ ወለድ አበጠ፣ የመብራቱም ዋጋ አብሮ አበጠ። ማመንጫውን ሲያሙበት ግን አይወድም። አንዴ ተሠርቶ ካለቀ የልጅ ልጅ ያያል፣ ሌሊት አይል ደመና አይል፣ ብሎ ይሟገታል።

ሚስቱ ልብስ አጣቢ ናት። ክሊኒኩ አንሶላዎቹን ከሰኞ ጀምራ እንድትረከብ ጠየቃት፤ ካልቻለች ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነው። ከማመንጫው በሚመጣው የመስመር መብራት ብቻ ካጠበች ደግሞ ትርፉ ሳሙና እንኳ አይገዛም። ሶላር የምትገጥመው ልጃቸው መላ አመጣች። ሶላርን የሚያስወድደው የሌሊቱ ባትሪ ነው፣ እማዬ የምታጥበው በቀን ነው፣ ባትሪው ይቅር አለች። የሶላር ሰሌዳዎቹ መጡ። የቀረው ጣሪያው ላይ የሚቀመጡበት ብረት ነበር።

አባ ድገመው እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል አለ። ወፍራም ብረት ገዛ። በየደ፣ በእጅ ባትሪ እያበራ አየው፣ አልወደደውም፣ ቆረጠው፣ ደገመው። ብረቱ ከሰሌዳዎቹ የበለጠ ወጪ አስወጣ። ቅዳሜ መጣ፤ አንድ እግር እንኳ አልቆመም።

ሚስቱ ውኃ ይዛለት ወጣች። «ዝሆን ልናስተኛበት ነው?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላል እግር እስኪያወጣ ዶሮዋ አረጀች።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አንተ ሰው፣ እዚያ ብትሳሳት አገር ይጠፋል። እዚህ ብትሳሳት አንሶላ ሳይታጠብ ይውላል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ብረት ይገዛል?»

አባ ድገመው ወፍራሙን ብረት ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ ቀጫጭን ብረት ከጓሮ አወጣ፤ በማግስቱ ሰሌዳዎቹ ጣሪያው ላይ ነበሩ። አንድ ቦታ ላይ ብየዳው ጎርበጥ ብሎበታል፤ እያየው አለፈው።

ሰኞ ማሽኑ ሲሽከረከር ዋለ፤ ግቢው በነጭ አንሶላ ተሞላ። የዝሆኑ አልጋ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ማሽኑ የመጨረሻዎቹን አንሶላዎች እንደያዘ ቆመ። ሚስቱ ወደ ሰማይ አየች።

አባ ድገመው ከአግዳሚው ተነሣ፤ ሱሪውን አራግፎ፣ ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው ቀስ ብሎ ሄዶ ማብሪያውን ወደ መስመሩ መለሰው። ማሽኑ ዳግም ተንቀሳቀሰ።

«አሁን ደግሞ የእኔው ማመንጫ ተራ ነው» አለ።