በቅበላ የታጠፈው ገጽ

ልጅ ሳለሁ የበግ ጠጉር መፍተል እንደ ኮሶ ይመረኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጽሐፍ የወደድኩት ከእንዝርት ለማምለጥ ነው። ያኔ በእኛ መንደር፣ ከዘመሮ ከተማ እምብዛም በማይርቀው፣ ሴት ልጅ ምሽቱን እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። አብረውን የሚኖሩት የአባቴ እህት፣ እትዬ አስካለ፣ ግን መላ ዘየዱልኝ። ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ደረታቸውን ታመው ነበርና፣ ዕድሜ ልካቸውን ምድጃ ዳር ሲነግሩን የኖሩትን ተረት ሳይጨርሱት ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። አንድ ቀን ጀምረው ተዉትና፣ እስከ ዛሬ እኔ ነገርኩሽ፣ ከእንግዲህ ተራው ያንቺ ነው፤ አንቺ አንብቢ፣ ድርሻሽን እኔ እፈትልልሻለሁ አሉኝ።

እንደዚያ ዓመት አንብቤ አላውቅም። አስተማሪያችን ያለውን መጽሐፍ ሁሉ እያከታተለ አዋሰኝ። የኩበቱ ጭስ እያስለቀሰኝ፣ ኩራዙን ወደ ገጹ አስጠግቼ አነብ ነበር፤ የግንባሬ ጠጉር ስንቴ እንደተለበለበ እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬ ይፈትላሉ፣ በዚያው ከባለታሪኮቹ ጋር ይጣላሉ። ድሃ ያባረረ አንድ ባለጸጋ ቢያጋጥማቸው እህልህን ነቀዝ ይብላው ብለው ረገሙት። እናቴ የወረቀት ሰው እኮ ነው ብትላቸው፣ ቢሆንስ፣ የወረቀት ሰው አያፍርም እንዴ አሏት።

ጥር ሊያልቅ ሲል ሽፋኑ የወለቀ ልብወለድ እጄ ገባ። የጠፋ ልጇን ፍለጋ አገር ላገር የምትንከራተት እናት ታሪክ ነው። የእትዬ አንድ ልጅ ጌታነህ ሰሊጥ ለማጨድ ቆላ ከወረደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ወሬው የለም። ይህን መጽሐፍ ሳነብ እትዬ ከማንም አልተጣሉም፤ እንዝርታቸው ሳይቀር ቆሞ ይሰሙኝ ነበር። የቅበላ እሁድ ማታ እናትየዋ፣ ልጅሽ እዚህ ነው የሚኖረው ከተባለችበት ቤት ደረሰች። በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

እትዬ መዳፋቸውን ገጹ ላይ ጫኑ። በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል፤ በእኛ ቤት ደግሞ በጾም ከዳዊትና ከተአምረ ማርያም በቀር የዓለም ወሬ አይነበብም። ገጹን በገዛ ጣታቸው አጥፈው፣ «ለፋሲካ ያድርሰን፤ በሩ የትም አይሄድም» አሉ።

እኔ የቻልኩት ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ከጎተራው ጀርባ ተወሽቄ ጨረስኩት። በሩ ተከፈተ፤ የከፈተላትም ልጇ ነበር። ደስ ብሎኝ ብቻዬን አለቀስኩና ገጹን እንደነበረው አጥፌ መለስኩት።

ከደብረ ዘይት በኋላ እትዬ ከመደባቸው መነሳት አቃታቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ብቻችንን ሳለን እጄን ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ በሩን ማን ከፈተው?»

ጾም መሻሬ ታወቀ ብዬ ቁጣቸው፣ የአባቴ አለንጋ፣ የነፍስ አባታችን የሚያዙት ስግደት፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

«አላውቅም፣ እትዬ። ጾም አይደለም እንዴ?»

«እሱስ ነው» አሉ። «ጎበዝ ልጅ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሆሳዕናን አላዩም። ከቀብር መልስ እናቴ መኝታቸውን ስታነሳ ከራስጌው ሥር ትልቅ የጠጉር ልቃቂት አገኘች። በጾሙ ሳምንታት ተኝተው ሳሉ ቀስ በቀስ የፈተሉት ነው፤ ለፋሲካው ንባብ የልጅቱ ድርሻ ነው ብለዋት ነበርና አምጥታ ሰጠችኝ። ልቃቂቱን አቅፌ ስንፈቀፈቅ ጎረቤት ሁሉ እንዴት ብትወዳቸው ነው ይል ነበር። ወይ ፍቅር! ያ ሁሉ ለቅሶ ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጾም መሻሬን አድጌ ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ተፈታሁ። አላውቅም ማለቴን ግን ምን ብዬ እንደምናገረው ጠፋኝና ዋጥ አደረግሁት። ዛሬ ዘመሮ አስተማሪ ነኝ፤ መጽሐፍ አውሳለሁ። ተማሪዎቼ መጨረሻው ምንድን ነው ብለው ከጠየቁኝ ሳላቅማማ እነግራቸዋለሁ፤ መምህር፣ አበላሹብን ብለው ይስቁብኛል። ይበላሽ።

ጌታነህ እስከ ዛሬ አልመጣም። ያን ጊዜም ቢሆን እትዬ እንደማይመጣ ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም፤ የጠየቁኝ የወረቀቱን ልጅ ብቻ ነበር። እሱ ተገኝቶ ነበር። አውቅ ነበር፣ እጄም በእጃቸው ነበር፣ አልነገርኳቸውም።