አያቴና ያልተፈለፈሉት እንቁላሎች

አያቴ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠይቁት ራሳቸውን ነበር። "እኔ ምን አጥፍቼ ነው?" ይሉና ቡራዩ ባለው ግቢያችን፣ ከዶሮ ቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው ያስባሉ።

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ተፍኪ ሄደው ሳምንት ቆዩ። ለማስታቀፍ ያጠራቀሟቸውን እንቁላሎች እንዳይበላሹ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳቸው። ሊመለሱ ሲሉ ግን "እንዳትነኪያቸው" ማለታቸው ትዝ አለኝና ደንግጬ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ታቀፈች፤ አንድም ጫጩት አልወጣም። አያቴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሰብረው አዩ። የጫጩት ምልክት እንኳ የለም።

"ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አውራ ዶሮው አርጅቷል መሰለኝ። ቀድሜ መለወጥ ነበረብኝ" አሉኝ።

ፍሪጁ ውስጥ አቀዝቅዤ ያበላሸኋቸው እኔ እንደሆንኩ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን አልነገርኳቸውም። ያን የሚወዱትን አውራ ዶሮ አረዱት። እኔም አብሬያቸው በላሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከዚያው አውራ የተገኙ፣ ከመታረዱ በፊት ለጎረቤታችን የሰጧት እንቁላሎች ተፈለፈሉ። አያቴ ጫጩቶቹን ቆመው አዩና ወደ ቤት ገቡ። ያኔም አልነገርኳቸውም።

አሁን ከዶሮ ቤቱ አጠገብ የሚቀመጥ የለም። በሰልስታቸው ዕለት ጎረቤታችን፣ "ያን አውራ በከንቱ አረድኩት እያሉ እስከ መጨረሻው ይጸጸቱ ነበር" አለችኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነበር" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ምነው ለእሳቸው በነገርሻቸው" አለችኝ።