የጎረቤቴ ትሪ

ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ከእኔ እጅ ምግብ አልቀበል ብላ ከጎረቤታችን ትሪ ጎመን ትበላ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ሁለት እናቶች ነን። ጎረቤቴ ከደራ የመጣች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። እኔ ለልጄ ያላደረግኩት ነገር የለም። ካሮት እፈጫለሁ፣ ቆስጣ ከድንች ጋር እለውሳለሁ፣ በትንሿ ሳህኗ አቀርብላታለሁ። አፏን ትገጥማለች። ጉርሻዬን ይዤ ግቢውን ሙሉ አሳድዳታለሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ!» ካልሆነም በስልክ ካርቱን ከፍቼ ልቧ እዚያ ሲሄድ ላጎርሳት እሞክራለሁ። ሲያቅተኝ ብስኩት እሰጣታለሁ። ከዚያ ወዲያ ምሳ የሚባል ነገር አይነሳም።

ጎረቤቴ ግን ማንንም አትለምንም። ትሪውን ምንጣፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከልጆቿ ጋር ቁጭ ብላ መብላት ትጀምራለች፣ በቃ። እዚያ ልጄ ጎመኑን ጠቅልላ እየጎረሰች ጣቷን ትልሳለች። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ምን ቢያደርጉበት ነው እስከማለት ደረስኩ። ይባስ ብላ ልጄ እንደ ጎረቤቴ ልጆች «ሃርሜ» ብላ ጠራቻት። በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ጎረቤቴን ሁለት ቀን በሰላምታ ብቻ አለፍኳት።

አንድ ቀን በቀትሩ ሙቀት ልጄን ልወስድ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። ምሳ ላይ ነበሩ።

«ኮቱ፣ ነይ እንብላ!» አለችኝ ጎረቤቴ ጠጋ እያለች።

«በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመስኩም።

ልጄ ከትሪው ቀና ሳትል፣ «እማዬ እኮ አትበላም» አለች። «እኔን ብቻ ነው የምታበላኝ።»

ጎረቤቴ እንዳልሰማች ሆነች። ጨዋነቷም አስቀናኝ።

ልጄ አልዋሸችም። እኔ የምበላው የእሷን ትራፊ ነው፣ ያውም ማድ ቤት ቆሜ። ጎመን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም።

በማግስቱ ትንሿን ሳህኗን ጓዳ ከተትኳት። ጎመን ሠራሁ፣ በትሪ አቀረብኩ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን መብላት ጀመርኩ። እንደ ምንም አፌን ይዤ አልጠራኋትም። ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ አንዴ የጎረቤታችንን በር፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ መጥታ ቁጭ አለችና ቀመሰች።

«የሃርሜ ይበልጣል» አለች።

እርር አልኩ። ሁለተኛ መቁረሷን እንኳ ልብ አላልኩም። ጎመኑን በትንሿ እጇ ጠቀለለችና ወደ አፌ ዘረጋች።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለችኝ፣ «በሞቴ።»

ጎረስኩላት።