እርጥብ ታንኳ

አንተነህ ካይሮ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዛማሌክ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንዲት ባለጸጋ ውሻ ያንሸራሽራል። ውሻው የታደሰ ወረቀት አለው፤ አንተነህ የለውም። ያደገው ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። ‹‹ታንኳ እሠራ ነበር›› ይላል። እዚያው ካይሮ፣ አይን ሻምስ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛው በቀለ ግን አንድም ቀን አላመነውም። እንዲያውም ‹‹አባይ›› የሚል ስም አውጥቶለታል። ወንዙን ይሁን ውሸታሙን፣ ሲጠይቁት ይስቃል እንጂ አይናገርም።

በቀለ የካናዳው ነገር ተሳክቶለት ለመሄድ አንድ ወር ሲቀረው አንተነህ ማለ።

‹‹ሳትሄድ በታንኳዬ ባላንሳፍፍህ አባይ በለኝ።››

‹‹አሁንስ ምን እያልኩህ ነው?››

ታንኳ የሚሠራው ውሃ ዳር ከሚበቅል ረጅም ተክል፣ ከደንገል ነው። አንተነህ በየዓርቡ፣ በእረፍቱ ቀን፣ ኦልድ ካይሮ ዳር ካለ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ እየተዋሰ በደሴቶቹ መሀል ያለውን ረግረግ ያስስ ጀመር። ሸምበቆ ውስጥ ገባ፣ ፊላ ውስጥ ገባ፣ ጭቃው አንድ ጫማውን ዋጠው። ነጫጮቹ የውሃ ወፎች፣ ሳቢሳዎቹ፣ በአንድ እግር ቆመው አዩት። በሦስተኛው ዓርብ፣ ከአንዲት ጠባብ የውሃ መንገድ ጫፍ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ደንገል አገኘ። የአገር ሰው መስሎት ሰላም ሊለው ምንም አልቀረው። አጭዶ ዳር ላይ አሰጣው፤ በአራተኛው ዓርብ ጠዋት አስሮ ጨረሰ። ብቻውን ተሸክሞ ውሃው አፍ ላይ አኖረውና ደወለ።

‹‹በቄ፣ ደርሷል። ና።››

‹‹ወዴት ልምጣ አባይ፣ ኤርፖርት ነኝ።››

‹‹ማክሰኞ አልነበር እንዴ?››

‹‹ቀኑን አሳጠሩት፤ ኸላስ፣ አለቀ።››

‹‹ሳትነግረኝ?››

‹‹ማሌሽ፣ ይቅርታ። ስንብት አልወድም። ፎቶ ላክልኝ።››

‹‹ፎቶ ላይማ ማንም ይንሳፈፋል።››

በቀለ ሳቀ። ‹‹በል፣ ተጠራን›› ብሎ ዘጋው።

አንተነህ ብቻውን ቀዘፈ። ታንኳው አልሰጠመም። በጠባቧ መንገድ ገባ፣ ደሴቱን ዞረ። ያየው ሳቢሳ ብቻ ነው፤ ሳቢሳ ደግሞ ምስክር አይሆንም።

ዳር ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ አለው። ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ወጥቶ፣ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ደረቁን አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ እርጥቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጣና ላይ ሁለተኛ ሰው ጠፍቶ ስለማያውቅ ይሄን አስቦት አያውቅም። ዙሪያውን አየ። ዓሣ አጥማጁም ጁምዓ ሄዷል።

ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘ።

‹‹በል፣ አንድ ላይ›› አለ፣ እንደ ጣናው ልማዱ።

ታንኳው ንቅንቅ አላለም። አንተነህ ትንሽ ጠበቀና ደግሞ አለ፤ ‹‹በል፣ አንድ ላይ።››