ሳማውን ያየው ወንድሜ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ አነሳሁት፤ የታናሽ ወንድሜ የብርሃኑ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ አባዬ...» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አላመንኳትም፤ እንዲያውም ተቆጣኋት። ትናንት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር!

ብርሃኑ አርፏል፣ ጓደኞቼ። እንቅልፍ እንደወሰደው ቀረ።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ነው የሚወራው። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፦ ዕድሜዬን ሙሉ ቀንቼበታለሁ።

ያደግነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እስቴ ገጠር ውስጥ ነው። ብርሃኑን ንብ ከነደፈችው አለቀ፤ ዓይኑ ይደፈናል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ያኔ እንደ ሐኪም የምናየው፣ እማዬን «ንብ አታስጠጊው፣ ነጭ አልብሺው፣ ፀጉሩን ቅቤ አትቀቢው። ከተነደፈ መንደፊያዋን በጥፍርሽ ጭረሽ አውጪና ቶሎ አምጪው» አላት።

በቃ! የአባዬ ቀፎ ሁሉ ወንዝ ማዶ አጎቴ ዘንድ ሄደ። የጎረቤት ልጆች ማር ሲልሱ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። ለእሱ አዲስ የአቡጀዲ እጀ ጠባብ ተሰፋለት፤ እኔ ያችው አሮጌ ቀሚሴ። የእማዬ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳም።

ሳኮርፍ ያየኝና «የማብጠው እኔ፣ የምታኮርፊው አንቺ! ምን ጉድ ነው እታለም?» ይለኛል። እስከ ትናንት ድረስ ይላት ነበር፣ ይቺን ነገር።

አንድ ቀን፣ ባቄላው ሲያብብ፣ ከአጥሩ ሥር ሳማ ቆረጥኩና ጉንጬን አሸሁበት። ቀና ስል ብርሃኑ ቆሞ ያየኛል። «ተናገርና ታገኛታለህ!» አልኩት። ከዚያ «ንብ ነደፈችኝ!» ብዬ አቀለጥኩት።

እማዬ «ኧረ ይቺም እንደሱ ናት!» እያለች ከቤት በረረች። አባዬ በቅሎዋን ከመስክ አምጥቶ ጫነ። ፊቴ እንደ እሳት ይለበልበኛል፤ እማዬ አቅፋ በቅሎ ላይ ስታወጣኝ ግን እንዴት እንደኮራሁ!

ብርሃኑ «እኔም ልሂድ!» እያለ ባቄላውን አቋርጦ ሊከተለን ሲሮጥ አንገቱ ላይ ተነደፈ።

እማዬ እኔን አውርዳ እሱን አስቀመጠችው። መንደፊያዋን በጥፍሯ ጭራ አወጣች፣ አባዬ በቅሎዋን ይዞ ሮጠ። እኔ ከኋላቸው እያለቀስኩ። «እሱን አትርፍልኝ እንጂ ማርም በቅሎም አልፈልግም» እያልኩ እግዜርን ለመንኩት። ድሬሰሩ መርፌ ወጋውና «ትንሽ ብትዘገዩ አልቆለት ነበር» አለ።

እማዬ እስክትሞት ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራው ነበር። «ያን ቀን እሷን ንብ ባትነድፋት በቅሎዋን ከመስክ እስክናመጣ ልጄን አጥቼው ነበር። ያተረፈችልኝ እሷ ናት» ትልና ጉንጬን ትዳብሰኛለች። ከእማዬ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ያ ነበር።

ብርሃኑ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሁሉንም ያውቃል። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

ብርሃኑዬ፣ የኔ ጌታ፣ ደህና ሂድ። ይኸው ዛሬም ቀናሁብህ፤ እማዬ ጋ ቀድመኸኝ ደረስክ። እቅፏን ብቻህን ያዘው፣ እሺ፣ አላኮርፍም።

የሳማውን ነገር ግን እንዳትነግራት። ስመጣ እኔው እነግራታለሁ።