የእድራችን ድረ ገጽ

ድረ ገጽ መሥራት የተማርኩት ባለፈው ክረምት ነው። አየር ጤና አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው። መብራት ሲኖር ኮምፒውተሩ ላይ እየሞከርኩ፣ ሲጠፋ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ለመድኩት። እኔ ደግሞ የገባኝን ነገር ለሌላ ሰው ካላስረዳሁ አይሆንልኝም። ትምህርት ሲከፈት የእድራችን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ከሥራ በኋላ በነፃ አስተምራለሁ አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የመጡት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አንደኛው የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ጥንቁቅ ሽማግሌ። የእድሩን ማስታወቂያ እድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍ ወደ ድረ ገጽ ሊያዞሩት ፈለጉ። ሁለተኛዋ ሰፈራችን ውስጥ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ ሥራዋን ለደንበኞች ማሳየት ፈለገች። ለመለማመጃ በሠራችው ገጽ ላይ ያስገባችው የመጀመሪያ ፎቶ የእናቷ ነበር፤ ልጃቸው የሰፋችላቸውን ቀሚስ ለብሰው እየሳቁ። እናቷ በዚያን ጊዜ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ እሷና አክስቷ በየተራ እያደሩ ያስታምሟቸዋል።

አንድን ቃል አወፍሮ ለማድመቅ ከፊቱ የሚከፍት ምልክት ይደረጋል፤ ከኋላው ደግሞ የሚዘጋ። የሚዘጋው ከተረሳ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይደምቃል። ጸሐፊው ሁልጊዜ ይረሱታል። አንድ ስም ሊያደምቁ ጀምረው ገጹ እስከ መጨረሻው ይጠቁራል።

«ጋሼ፣ የቤትዎንም በር እንዲህ ነው የሚተዉት?» ትላቸዋለች ሰፊዋ።

«የቤቴንማ ባለቤቴ ትዘጋዋለች» ይላሉ፤ ሦስታችንም እንስቃለን።

ያልገባቸው ሌላም ነገር ነበር። ድረ ገጽ ዓለም ሁሉ የሚያየው ነው ብዬ በተለያየ መንገድ አስረድቻቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። በልባቸው ግን ያው የእድሩ ቤት ሰሌዳ ነው፤ በሩን አልፎ የገባ አባል ብቻ የሚያነበው።

አንድ ሐሙስ ጸሐፊው ከትምህርት ቀሩ። ሰፊዋ ግን ደስ ብሏት መጣች። አክስቷ ደውላ «ዛሬ አትምጪ፣ እኔ አድራለሁ፤ እናትሽ ደህና ተኝታለች» ብላታለች። «ዛሬ እስኪበቃህ አስረዳኝ» አለችኝ። ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግር ማገናኛ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋት። ከራሷ ገጽ ወደ እድሩ ገጽ የሚወስድ ማገናኛ አስገባችና ተጫነችው። የእድሩ ገጽ ተከፈተ።

ከላይ አዲስ ማስታወቂያ ነበር። ከኋላዋ ቆሜ አብሬያት አነበብኩ። ነባር አባላችን ዛሬ ከቀትር በኋላ ማረፋቸውን ይገልጻል። «መርዶው ነገ ንጋት ላይ ይነገራል፤ አባላት በሰዓቱ እድሩ ቤት እንድንገናኝ። እስከዚያ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ አደራ» ይላል። ስሙ የእናቷ ነበር።

እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ዘግተውታል» አለች።

«ምኑን?»

«ጋሼ። ድምቀቱን ዘግተውታል።»

እውነትም ከጽሑፉ ሁሉ የደመቀው የእናቷ ስም ብቻ ነበር። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስህተት ጽፈዋል። ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆይታ ቀና አለች። «አጥፋው፣ መምህር።»

«ሆስፒታል ልውሰድሽ?»

«እህቴ እቤት እየጠበቀችኝ ናት። አልሰማችም። ዛሬን እንኳን ትተኛ።» ዓይኗን ጠረገች። «አክስቴም ያንን ሁሉ ችላ ነው በስልክ ያናገረችኝ። ጋሼ ደግሞ ማንበቤን ካወቁ ይሞታሉ። አጥፋልኝ።»

አባላቱ በስልክም ስለሚጠራሩ ቀብሩ ላይ ሰው አይጎድልም። የገጹን የይለፍ ቃል አውቀው ስለነበር ማስታወቂያውን አጠፋሁት። እሷ ኮምፒውተሯን በሥርዓት ዘግታ ተነሳች። እስከ ታክሲው ፌርማታ ሸኘኋት። ተራ ይዘን እንደቆምን «ፊቴ ያስታውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያስታውቃል። አያስታውቅም አልኳት።

ንጋት ላይ ከእድርተኞቹ ጋር ወደ ቤቷ ሄድኩ። ጸሐፊው ከፊት ነበሩ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ የለበሰችው የትናንቱን ልብስ ነው።

«ምነው በጠዋት? በደህና ነው ጋሼ?» አለች።

«ቁጭ በይ ልጄ። እህትሽንም ጥሪያት።»

ጠራቻት። ተቀመጡ። ጸሐፊው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ እንደ ወጉ፣ ከሕመሙ ጀምረው ነገሯቸው። እህቷ ጮኸች። እሷም ጮኸች፤ ከትናንት ጀምሮ አፍና የያዘችውን ጩኸት። ጸሐፊው እንዳትወድቅ ትከሻዋን ደግፈው አብረው አለቀሱ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጸሐፊው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«መምህር፣ ትናንት ጽፌ ነበር፤ ዛሬ ባየው የለም። ዘግቼ ነበር እኮ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?»

ተማሪ የቱ ጋ ተሳሳትኩ ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ አላውቅም። ቀና ስል ሰፊዋ ከሴቶቹ መሐል ሆና ታየናለች።

«ኔትወርክ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ይሄ ኔትወርክ!» ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን መለሱ። ወደ እሷ ተመለከቱ። «ብቻ ተመስገን፤ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ደረስንላት።»