ያን ጥያቄ ለምን ጠየቅሽ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ ነበር። አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ልሰፋው የዘረጋሁት ነጭ ጨርቅ ላይ ያርፋል፤ አራግፌ ሳልጨርስ ተመልሶ ይመጣል። እህቴ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጣች። በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች።

«ዝጊው እንጂ! ጨርቁን አበላሸሽብኝ እኮ» አልኳት።

ዘጋችውና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

እህቴ የታሪክ መምህርት ለመሆን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ልምምድ ላይ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች ገና ሳትመረቅ «ቲቸር» ይሏት ጀምረዋል። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ነኝ፤ ስለ ማስተማር የማውቀው እሷ የምትነግረኝን ያህል ነው። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው የሚከታተሏት አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ክፍል ባለቀ ቁጥር የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያን ጥያቄ ለምን ጠየቅሽ?» ሌላ ምክር ብዙም አይሰጧትም። «እትዬ፣ መምህር ሳይሆኑ መርማሪ ፖሊስ ነው የሚመስሉት» እያለች ትስቅ ነበር።

የዚያን ቀን ሳቅ የለም። የሆነውን እየተቆራረጠች ነገረችኝ።

የድሮው ገበያ ስለ ፈረሰበት ዓመት መጽሐፉ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው። እናም ተማሪዎቿ ቤተሰባቸውን ጠይቀው መጥተው እንዲናገሩ አዘዘቻቸው። ሽማግሌው «መጀመሪያ ለብቻሽ ስሚያቸው» ብለዋት ነበር፤ ምክራቸውን አልተቀበለችም። ልጆቹ እየተነሡ አወሩ። አንዱ የአክስቱ ሱቅ እንዴት በአንድ ጠዋት እንደ ፈረሰ ተናገረ፤ ሌላዋ አያቷ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው የት እንዳደሩ። ከዚያ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ከመስኮቱ ጥግ ተነሣች።

«የኔ አባት ከአፍራሾቹ አንዱ ነበር። በቀን ሠራተኛነት ቀጥረውት ነው።»

«ኧረ ጉድ! የአክስቴን ቆርቆሮ መልሺ!» አለ ያ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ አውካካ።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት እህቴን።

«ዝም አላሰኘኋቸውም። ‹አባትሽ አሁን ይጸጸታል?› ብዬ ጠየቅኋት። ያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ እትዬ! ጥሩ ጥያቄ የጠየቅሁ መስሎኝ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሽማግሌው ያችኑ ጥያቄያቸውን ጠይቀውኝ ሄዱ።»

«ይበላት!» አልኩ። «የእማዬን ሱቅ ሲነቅሉ ለኛ ማን አዘነልን?»

እማዬ እዚያ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩት ሱቋ ሲፈርስ ነው። እህቴ ያኔ ጡት አልጣለችም።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ይኸው፤ ለምን እንደ ጠየቅኋት» አለች። «እቤት ስሰማው ያደግሁትን ነው የተናገርኩት። የኛን ቂም ልጅቷ ላይ ጫንኩት።»

የምገባበት ጠፋኝ። መቀሱን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። የልጅቷ ቤት ከጋራዡ ጀርባ ነው። የከፈተልን አባቷ ነበር፤ ወገቡን ያመመው፣ ጎንበስ ያለ ሰው። መምህርቷ መሆኗን ሲሰማ ወንበር ፍለጋ ተጣደፈ።

«ምነው፣ ልጄ አጠፋች?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

ሰውዬው መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። «እውነቱን ንገሪያቸው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ለትምህርት ነው ስትለኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«የኛም እናት እዚያ ሱቅ ነበራት» አለች እህቴ።

«የት ጋ?»

«ጨርቅ ተራ።»

ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «እሱንም ያፈረስነው እኛው ነን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ስንት ዓመት የቋጠርኩት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልወጣ አለኝ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። እህቴ ፊቷን ሳታይ ይቅርታ ጠየቀቻት። ስንወጣ ነው ድምፅዋን የሰማነው፤ «ቲቸር፣ እኔ እዚያ ክፍል አልመለስም።»

በማግስቱ እህቴ ተማሪዎቹ ፊት ቆማ ጥፋቷን ተናገረች።

«ታዲያ ቲቸር፣ እርስዎ ሲያፍሩ እኛ ምን እናድርግ?» አለ ያ ቀልደኛ።

«አብራችሁኝ እፈሩ» አለችው። ማንም አልሳቀም።

ልጅቷ እንዳለችው አልመጣችም። እህቴ ዳይሬክተሩን ደጅ ጠንታ ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛወረቻት፤ እዚያ ሌላ መምህር ጋ ተምራ ጨረሰች። ዛሬም መንገድ ላይ ሲተያዩ ልጅቷ ወዲያ ማዶ ትሻገራለች። እህቴ ከኋላዋ አትጠራትም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ስትሰጥ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ተማሪዎቿን አንድ በአንድ ትሰማቸዋለች። ክፍል ውስጥ የሚነገረውንና የማይነገረውን የሚለየው ባለታሪኩ ልጅ ነው። ሥራው ያደክማታል፤ ጓደኞቿም «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ይሏታል። ሽማግሌው መምህር ጡረታ ወጥተዋል።

እህቴ አሁን እዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ታሪክ ታስተምራለች።